ልጅ ይዞ ባዕድ አገር መግባት፦ ከመንዝ ደጋ የሚቀሰም ትምህርት

ሰው ብቻውን ሲሰደድ የሚያስበው ስለ እንጀራውና ስለ ማደሪያው ነው። ልጅ ይዞ ሲሰደድ ግን ሐሳቡ ይበዛል። የማያውቀው አገር አየር ለሕፃን ይስማማል ወይ? ውሃውስ? በዱሩ የሚኖረው አውሬ ምን ዓይነት ነው? የጎረቤቱ ቋንቋ፣ አመጋገብ፣ ባህልና እምነት ለልጄ ምን ይጨምርለታል፣ ምንስ ይቀንስበታል? ይህን ጥያቄ ዛሬ በሜልቦርን፣ በቶሮንቶና በጂዳ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ይጠይቁታል። በአንጻሩ ደግሞ ለምርምር፣ ለሕክምናና ለእርዳታ ሥራ ልጆቻቸውን ይዘው ወደኛ አገር የሚመጡ የውጭ ሰዎች ስለኛ ተራራና ስለኛ ሰው ይህንኑ ይጠይቃሉ።

ለመሆኑ ሕፃን ልጅ በባዕድ ምድር የሚጠበቀው በምንድን ነው? ብዙ ወላጅ መልሱ አጥር ይመስለዋል። ከፍ ያለ ግንብ፣ የተዘጋ በር፣ ከአገሬው ልጅ ጋር የማይቀላቀል ጨዋታ። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ግን ሌላ ነው። ልጅን በማያውቀው አገር ከሁሉ በፊት የሚጠብቀው የአገሬው ሰው ዕውቀት ነው። አጥር የሚያስፈልግበት ቦታ መኖሩ አይካድም፤ ይሁን እንጂ አጥሩ የት መቆም እንዳለበት የሚናገረውም ያው ዕውቀት ነው። ይህን ለማስረዳት ከሩቅ ታሪክ እንነሣና ወደ መንዝ፣ ግሼና መርሐቤቴ ደጋ እንመጣለን።

በሐበሻ ምድር የተወለዱ ሕፃናት

የመጀመሪያው የሐበሻ ሂጅራ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ615 መደረጉ የታወቀ ነው። ይህ ታሪክ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚወራው ስለ ንጉሡ ፍትሕና ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) በንጉሡ ፊት ስላደረጉት ንግግር ነው። ስለ ሕፃናቱ የሚናገር ግን ጥቂት ነው። ከስደተኞቹ መካከል ባልና ሚስት ሆነው የመጡ ነበሩ፤ በዚሁ ምድር ልጅ ወልደዋል፣ አሳድገዋልም። የጃዕፈርና የባለቤታቸው የአስማእ ቢንት ዑመይስ ልጆች ዐብደላህ፣ ሙሐመድና ዐውን የተወለዱት እዚሁ ሐበሻ ውስጥ ነው። ቤተሰቡ በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ (በ628) ወደ መዲና እስኪሄድ ድረስ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቷል። ይህ ማለት ልጆቹ ከተወለዱበት ምድር በስተቀር ሌላ አገር አያውቁም ነበር ማለት ነው።

የእናትየው ስሜት ምን ነበር? አስማእ መዲና ከደረሱ በኋላ ከዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ጋር ያደረጉት ክርክር በሐዲስ መጻሕፍት ተመዝግቧል። ዑመር በሂጅራ እንደቀደሟቸው ሲናገሩ አስማእ ተቆጡ። እናንተ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር ሆናችሁ የተራበው ሲበላ፣ ያላወቀው ሲማር፣ እኛ ግን በሩቅና በሚከብድ ምድር ስጋት ላይ ነበርን የሚል ይዘት ያለው መልስ ሰጡ። ነቢዩም የመርከቡ ሰዎች የሁለት ሂጅራ ባለቤት መሆናቸውን አረጋገጡላቸው። እንግዲህ ልጅ ይዛ የተሰደደች እናት የሚሰማት ባዕድነት በመልካም ንጉሥ ጥላ ሥር እንኳ ሆና የሚቀር አይደለም። ይህን መካድ ለማንም አይጠቅምም።

የልጅ ስሜት ግን ሌላ ነው። ኻሊድ ኢብኑ ሰዒድ ከሚስታቸው ጋር ወደ ሐበሻ ተሰደው ሳለ የወለዷት ሕፃን ኋላ ኡሙ ኻሊድ ተብለው የታወቁት ሶሐቢያ ናቸው። ሕፃኗ መዲና ስትደርስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጥለት ያለው ጥቁር ትንሽ ልብስ በእጃቸው አለበሷትና «ሰናህ» አሏት። በሐበሻ ቋንቋ ያማረ ማለት እንደሆነ ቡኻሪ ዘግበውታል። ግዕዙን «ሠናይ» የሚያውቅ ሰው ዝምድናውን ወዲያው ይረዳል። ልጅቱ ያደገችበት አገር ቃል እንግዳ በሆነችበት ከተማ መቀበያዋ ሆነ። ያንን አገር ርሺው አልተባለችም።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ አንዱ ስደት ለእናት ሸክም፣ ለልጅ ግን አፍ መፍቻ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ልጅ ቋንቋ የሚማረው ከሰው ነው። አጥር ውስጥ ተዘግቶ ያደገ ልጅ «ሰናህ» የሚለውን ቃል ከየት ያገኘዋል?

ጓሳ፦ አውሬውና ሕጉ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃንና በጣርማበር በኩል ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደው መንገድ በጓሳ ያልፋል። ጓሳ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የደጋ ሣር ምድር ሲሆን ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ አለው። በስተምሥራቅ ገደሉ ቁልቁል ወደ ይፋት ቆላ ይወርዳል። በዚህ ምድር ከሌላ አገር የመጣ ሕፃን በመጽሐፍም ያላየውን ፍጥረት ያያል። ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት ያለበት ጭላዳ ዝንጀሮ በመቶዎች ሆኖ እንደ በግ ሣር ሲግጥ፣ ሲመሽ ደግሞ ለማደር ወደ ገደሉ ሲወርድ ይመለከታል። በመላው ዓለም ጎልማሳው ተደምሮ 500 የማይሞላው ቀይ ቀበሮም እዚያው አይጥ ሲያድን ይታያል። ሁለቱም ከኢትዮጵያ በቀር የትም አይገኙም።

የጭላዳ ነገር የውጭ አጥኚዎችን ከስብ ነበር። ሮቢን ደንባርና ባለቤታቸው ፓትሲ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ) በስሜን ተራሮች ተቀምጠው አጥንተዋል። በመንዝ ጓሳ ደግሞ ፒተር ፋሺንግና ንጋ ንጉየን የሚመሩት የጭላዳ ጥናት እ.ኤ.አ በ2005 ተጀምሯል።

ከጓሳው ጥናት አንዱ ውጤት ለእንግዳ ሁሉ ምሳሌ የሚሆን ነው። እ.ኤ.አ በ2015 የታተመ ጽሑፍ እንደሚያሳየው ቀይ ቀበሮ ብቻውን አይጥ ሲያድን ከአራት ሙከራ የሚሳካለት አንድ ያህል ነው፤ በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ ሲያድን ግን ከሦስቱ ሁለቱ ይሳካለታል። ነገር ግን ቀበሮው መንጋው ውስጥ ሲገባ አይሮጥም፤ አካሄዱን ያቀዘቅዛል። ግልገሎቹ አጠገቡ ሲግጡ አይነካቸውም። አንድ ቀበሮ ግልገል ለመንጠቅ ሲሞክር ጭላዳዎቹ ተነሥተውበት አስጥለውታል፣ አባረውም ተመልሶ እንዳይገባ ከልክለውታል። ቀበሮው የሚኖረው የባለቤቶቹን ሕግ አክብሮ ነው። ሕጉን ያፈረሰ ማዕዱን ያጣል።

ሰውም በጓሳ ሕግ ነበረው። የመንዝ ሽማግሌዎች «ቄሮ» በሚባለው ሥርዓት ምድሩን ለዓመታት ዘግተው ሣሩ ሲደርስ ብቻ በስምምነት ይከፍቱት ነበር። ሥርዓቱ ወደ 400 ዓመት ዕድሜ እንዳለውና አስቦና ጌራ ከተባሉ ቀደምት አባቶች እንደሚነሣ ይነገራል። ጓሳ የተባለው ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለከብት መኖ ነውና መዝጋቱ ከባድ ውሳኔ ነበር። በ1967 ዓ.ም የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ይህን የአባቶች ሥርዓት አፈረሰው፤ ኋላም ማኅበረሰቡ በአዲስ መልክ ተደራጅቶ ጥበቃውን መልሶታል። ዛሬ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ በጓሳ መኖራቸው የዚህ ጥበቃ ፍሬ ነው። እንግዲህ ከባሕር ማዶ የመጣ ቤተሰብ ሰው ያልነካው ዱር ገባሁ ብሎ ቢያስብ ተሳስቷል። የገባው ባለቤት ወዳለው፣ ሕግ ወዳለው ቤት ነው።

የሚፈራውና የሚጎዳው

ወላጅ የሚፈራው አውሬውን ነው። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ጅብና ነብር መኖሩ እውነት ነው፤ ሕፃን ልጅ በምሽት ብቻውን ከቤት አይወጣም። ጭላዳም ቢሆን ወንዱ ረጅም የውሻ ክራንቻ ጥርስ አለውና ልጅ እየሮጠ ሊነካው አይገባም፣ ምግብም አይወረወርለትም። ምግብ የለመደ ዝንጀሮ ፍርሃቱን ይረሳል፤ ከዚያ በኋላ የሚጎዳው የገበሬው የገብስ ማሳ ነው። ይህን ያህል ጥንቃቄ ከተደረገ ከጭላዳ የሚመጣ ክፉ ነገር ጥቂት ነው።

በልጅ ላይ አደጋ የሚያመጣው ግን ብዙ ጊዜ ፎቶግራፍ የማይነሣው ነገር ነው።

የመጀመሪያው ከፍታው ነው። ከባሕር ወለል ተነሥቶ በአንድ ቀን 3,200 ሜትር ላይ የወጣ ሰው ራሱን ያመዋል፣ ያስታውከዋል። ሕፃን ግን «ራሴን» ብሎ አይናገርም። ምግብ እምቢ ይላል፣ ያለቅሳል፣ እንቅልፍ ያጣል። መፍትሔው በዝግታ መውጣት ነው። አዲስ አበባ፣ ከዚያም 2,800 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ደብረ ብርሃን ጥቂት ቀን መሰንበት፣ ሕመሙ ከጠና ደግሞ ሳይዘገዩ ወደ ቆላ መውረድ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ብርዱ ነው። የመንዝ ሌሊት ውርጭ አለው። የመንዝ ሰው ከበጉ ጠጉር ባናና ዝተት የሚሠራው ያለ ምክንያት አይደለም። ከባሕር ማዶ በሻንጣ ከመጣው ስስ ብርድ ልብስ ይልቅ እዚያው የተሠራው ባና ለልጅ ይሻላል። ብርዱን ሽሽት ሰው በአንድ ቤት ተፋፍጎ በሚያድርበትና ልብስ ቶሎ በማይታጠብበት ቦታ ደግሞ ቅማል የሚያስተላልፋቸው ተስቦና ግርሻ የደጋ በሽታዎች ናቸው። ቤት ውስጥ የሚነደው እሳትም ሁለት ጉዳት አለው፤ ጭሱ የሕፃኑን ሳንባ ይጎዳል፣ ምድጃው ያቃጥላል።

ሦስተኛው ውሻ ነው። እንግዳ ቤተሰብ ቀበሮውን ሲፈራ የጎረቤቱን ውሻ ይዳብሳል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ለሰው የሚመጣው በአብዛኛው ከለማዳው ውሻ ነው። ቀይ ቀበሮንም ሳይቀር የፈጀው ከውሻ የሚተላለፈው ይኸው በሽታ ነው፤ በባሌ እ.ኤ.አ በ2003 የደረሰው እልቂት ለዚህ ማስረጃ ነው። ልጅ በውሻ ከተነከሰ ቁስሉን በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ ያኑ ቀን ክትባት ወዳለበት ጤና ተቋም መውሰድ የግድ ነው። የሕመሙ ምልክት ከታየ በኋላ መድኃኒት አይደርስም።

እነዚህን ሁሉ የሚያውቀው ማን ነው? የመንዝ ባላገር ነው። የትኛው ውሻ ተናካሽ እንደሆነ፣ የትኛው ምንጭ ንጹሕ እንደሆነ፣ ጉም ሲወርድ የትኛው መንገድ ገደል እንደሚያስገባ በግ የሚጠብቅ የሰባት ዓመት ልጅ ያውቃል። ይህ እረኛ ልጅ ለእንግዳው ልጅ ጓደኛም አስተማሪም ነው።

አጥር የሚያስፈልግበት ጊዜ

እዚህ ላይ «ታዲያ አጥር ፈጽሞ አያስፈልግም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ በ2025 ያረፉት እውቋ አጥኚ ጄን ጉዶል በታንዛኒያ ጎምቤ ቺምፓንዚ ሲያጠኑ በ1967 ወንድ ልጅ ወለዱ። ቺምፓንዚ የሌሎች ዝንጀሮዎችን ግልገል አድኖ እንደሚበላ ስለሚያውቁ ሕፃኑን በዚያ ዕድሜው በሽቦ በታጠረ በረንዳ ውስጥ ያስቀምጡት ነበር። አጥሩ ትክክል ነበር። ትክክል ያደረገው ግን ስለ እንስሳው የነበረው ዕውቀት ነው። በጎምቤ የሚገባው ሽቦ በሣር ጋጩ ጭላዳ አገር ትርጉም የለውም፤ በጓሳ የሚበቃው ጥንቃቄም በጎምቤ አይበቃም። ጥንቃቄ እንደ አገሩ ነው።

ያለ ጎረቤት የተደረገ ስደት

የዚህ ትምህርት መራራ ገጽ በራሳችን ታሪክ ተጽፏል። ከ1977 እስከ 1978 ዓ.ም በነበረው ድርቅ ጊዜ መንግሥት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ወደ መተከል፣ ወደ ጋምቤላ፣ ወደ ወለጋና ወደ ኢሉባቦር አሰፈረ። ስደቱ ከአገር ውጭ ባይሆንም ለደጋው ገበሬና ለልጆቹ ከባሕር ማዶ የራቀ ነበር። ብርድ ለለመደ ልጅ ወበቅ መጣበት፤ ወባ የማያውቅ ሰውነት ወባ አገኘው፤ የእርሻ በሬ በገንዲ አለቀ። ምድሩ ባዶ ነው ተብሎ ቢነገርም የጉሙዝና የአኙዋ ሕዝብ የሚያርስበት፣ የሚያድንበትና ማር የሚቆርጥበት ነበር። አስቀድሞ የጠየቃቸው አልነበረም። ሰፋሪውም የወባውን ወራት፣ የሚበላውን ቅጠልና የሚሸሸውን ረግረግ የሚያስተምረው ጎረቤት አጣ። በመካከላቸው ደምም ፈሰሰ። ከሞቱት ብዙዎቹ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ነበሩ።

ይህን ከሐበሻው ሂጅራ ጋር ስናስተያየው ልዩነቱ ግልጽ ነው። የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች በፈቃዳቸው፣ ባለቤቱ እያወቀና እየፈቀደ ገቡ። የ1977ቱ ሰፋሪ ብዙው ያለ ፈቃዱ፣ ባለቤቱም ሳይጠየቅ ተጫነ። ሁለቱም ልጅ ይዘው ነበር። ልዩነቱ የጎረቤት ጉዳይ ነው።

ለሚሄደውና ለሚቀበለው

ከዚህ ተነሥተን ልጅ ይዞ ለሚሄድ ወላጅ የሚጠቅሙ ጥቂት ነጥቦችን እናቅርብ።

ከሁሉ በፊት የሰላምን ነገር መጠየቅ ነው። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ሰሜን ሸዋንም አዳርሷል። መንገድ በሚዘጋበትና ጤና ጣቢያ መድኃኒት በሚያጣበት ወቅት ሕፃን ይዞ መሄድ ጀግንነት አይደለም። የመንዝ እናት ምርጫ የላትም፤ እንግዳው ግን ምርጫ አለው።

በመቀጠል የአገሬውን የምግብና የአምልኮ ሥርዓት ለልጅ ማስረዳት ነው። በመንዝ ጎረቤቱ በጾም ወራት ሥጋና ወተት አይቀምስም። ቁልቁል በይፋት ገበያ የሚያገኘው ሙስሊም ነጋዴ ደግሞ ረመዳንን ይጾማል። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ቡና አብረው ይጠጣሉ፣ ለቅሶ ይደራረሳሉ፤ አንዱ ያረደውን ግን ሌላው አይበላም። የውጭ ልጅ ይህን ሲያይ ጠብ ሊመስለው ይችላል። ለዘመናት አብሮ የመኖሪያ ዘዴ መሆኑን ማስረዳት የወላጁ ተግባር ነው።

ሌላው ከአገር የመጣው ዕውቀት በአዲሱ አገር ሊጎዳ እንደሚችል ማወቅ ነው። ለምሳሌ በአውስትራሊያ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ወላጅ ልጁን እባብ ቢነድፈው እንደ አገር ቤቱ ቁስሉን ልብጣ፣ ልምጠጥ ቢል ያባብሰዋል። የዚያ አገር ትምህርት የተነደፈውን እግር ወይም እጅ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ልጁን ሳያንቀሳቅሱ አምቡላንስ መጥራት ነው። በፀደይ ወራት ጎጆውን ለመጠበቅ ብስክሌት በሚነዳ ልጅ ራስ ላይ የሚወርድ ማግፓይ የሚባል ወፍም አለ። ይህን የሚነግረው ጎረቤቱና ትምህርት ቤቱ ነው። ከሐበሻ ብቻ ጋር የሚውል ቤተሰብ ዘግይቶ ይሰማል።

በመጨረሻም ልጅ ቋንቋውን ቀድሞ እንደሚለምድ አውቆ መዘጋጀት ነው። በውጭ አገር የስምንት ዓመት ልጅ እናቱን ሐኪም ቤት ወስዶ ሲያስተረጉም ማየት የተለመደ ሆኗል። በዚህ መንገድ ልጁ የማይገባውን ሸክም ይሸከማል፤ እናትም በልጇ ፊት ታንሳለች። መድኃኒቱ የልጁን አፍ መያዝ ሳይሆን ወላጁም አብሮ መማሩ ነው። የቤቱም ቋንቋ ሳይጣል፣ የጎረቤቱም ሳይናቅ ሁለቱ ጎን ለጎን ሊያድጉ ይችላሉ።

ለተቀባዩም ድርሻ አለው። እኛ ኢትዮጵያውያን እንግዳ እናከብራለን፤ ነገር ግን ይሉኝታችን አንዳንድ ጊዜ ልጅን ይጎዳል። እንግዳው «ይህ ውሃ ለሕፃን ደኅና ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ላለማሳፈር «ምንም አይል» እንላለን። ውሻችን ተናካሽ ሆኖ ሳለ «አይነካም» እንላለን። ከእንጀራውና ከቡናው በፊት ለእንግዳ የሚገባው እውነቱን መንገር ነው። የሌላ አገር ልጅ በመንገድ ሲያልፍ ከብቦ «ፈረንጅ» እያሉ መጮህ፣ ጉንጩንና ጠጉሩን መነካካትም ለእኛ ጨዋታ ቢመስል ለሕፃን ፍርሃት ነው። የኛ ልጅ በሌላ አገር እንዲህ ቢከበብ አንወድም።

አበው ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ያሉት ለስደተኛ የተነገረ ያህል ነው። ስለዚህ ልጅ ይዞ አዲስ አገር የደረሰ ሰው ዕቃውን ፈትቶ ሳይጨርስ የጎረቤቱን በር አንኳኩቶ ሦስት ነገር ይጠይቅ። በዚህ አገር ልጅን የሚጎዳው ምንድን ነው? ልጅ የሚጠጣው የትኛውን ውሃ ነው? እኛ ሳናውቅ የምናስቀይማችሁ በምንድን ነው? ጎረቤቱም በመንዝ ይሁን በሜልቦርን ሳያፍርና ሳይሸፍን ይመልስ። እነዚህ ጥያቄዎች የተጠየቁበት ቤት ልጅ ከእናቱ ቀድሞ አንድ አዲስ ቃል ይዞ መምጣቱ አይቀርም።